ሁለት ውሻ ያለው ግቢ ሦስተኛ ይችላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ውሻ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ አስቦበት አይደለም። የጎረቤት ውሻ ትወልድና «አንዱን ውሰዱልን» ይባላል። ሰፈር ውስጥ ሌባ ገባ ተብሎ ይወራና «ሁለቱ አይበቁም» ይባላል። ወይም ልጆች መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጥ ቡችላ አይተው ያለቅሳሉ። ቡችላው የገባ ሰሞን ግቢው በሙሉ ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ቡችላው አድጎ ቦታውን መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ስለዚህ አዲሱ ውሻ ማማሩን ወይም ገራም መሆኑን ማየት ብቻ አይበቃም። ውሳኔው የሚንጠለጠለው በሁለት ነገር ነው፤ አሁን ያሉት ሁለቱ እርስ በርስ እንዴት እንደሚኖሩ፣ እና ግቢያችሁ በክፉ ቀን ለሁለት መከፈል መቻሉ። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ የቀረው ሁሉ፣ ክትባቱም ምግቡም ፍቅሩም፣ ነገሩን አያድነውም።

ቀላል ሒሳብ እናስላ። ሁለት ውሻ ባለበት ግቢ ያለው ግንኙነት አንድ ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ግንኙነቱ ሁለት አይሆንም፤ ሦስት ይሆናል። አራተኛ ሲገባ ስድስት፣ አምስተኛ ሲገባ ደግሞ አሥር። ከነዚህ ጥንዶች አንዱ ብቻ ከተበላሸ መላው ግቢ ሰላም ያጣል፤ ምክንያቱም ሁለት ውሾች ሲናከሱ ሦስተኛው ቆሞ አያይም። ብዙውን ጊዜ ዘሎ የሚገባው በወደቀው ላይ ነው። ሁለት ውሻ ሲጣላ ቁስል ይተርፋል፣ ሦስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሊሞት ይችላል።

በመጀመሪያ ያሉትን ፈትኑ

ለሁለት ሳምንት ያሉትን ውሾች በደንብ ተመልከቱ። ዘበኛ ካላችሁ እሱን ጠይቁ፤ ሌሊት የሚሆነውን ከቤቱ ባለቤት ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ማየት ያለባችሁ ይህን ነው። ሁለት ሜትር ተራርቀው ምግብ ሲሰጣቸው አንዱ ሳህኑ ላይ ደርቆ ያጉረመርማል? በር ሲንኳኳ አብረው ሮጠው ሲጮኹ አንዱ ዞሮ ጓደኛውን ይነክሳል? ከውጭ ስትገቡ እናንተን ለመቅረብ ይገፋፋሉ? አንዱን በስሙ ስትጠሩት ሌላውን ትቶ ይመጣል?

የበሩን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ውሻ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሰው ወይም ውሻ መድረስ ሲያቅተው ንዴቱን አጠገቡ ባለው ላይ ያወርደዋል። በር ላይ ሁለት ሆነው እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ሦስት ሲሆኑ ይብሳል። ባለፈው ስድስት ወር ውስጥ ደም የፈሰሰበት ጠብ ካለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ አትጨምሩ። ሦስተኛ ውሻ የሁለት ውሾችን ጠብ አስታርቆ አያውቅም። ጥርሱን አግጦ የሚያስጠነቅቅ ግን የማይነክስ ውሻ ሌላ ነገር ነው። ማጉረምረም የውሻ ቋንቋ ነው፤ በዱላ ያስቆሙት ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይለምዳል።

አንድ ሌላ የተለመደ ምክንያት አለ፤ «ብቸኛ ነው፣ ጓደኛ ይምጣለት»። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚጮኽ ውሻ የሚፈልገው በአብዛኛው ሁለተኛ ታሳሪ አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዛችሁት ከግቢ ወጥታችሁ አንድ ወር ሞክሩ። ጩኸቱ ከቀነሰ የአዲስ ውሻ ወጪ ተረፈላችሁ። ጥበቃም ከሆነ ምክንያቱ፣ ለመጮኽ ሁለት ንቁ ውሾች ይበቃሉ። ሦስተኛው የሚጨምረው ጩኸቱን እንጂ ጥበቃውን አይደለም፤ ያውም አንድ ላይ የሆኑ ውሾች ለየብቻቸው የማያደርጉትን ያደርጋሉ። ኳስ ለማንሳት ዘሎ የገባ የጎረቤት ልጅ አንድ ውሻ ሲያጋጥመውና ሦስት ሲያጋጥሙት እኩል አይደለም።

ከማን ጋር ማን ይስማማል

አንድ ቤት ውስጥ በሚኖሩ ውሾች መካከል ከባዱ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጾታቸው አንድ በሆኑት ዘንድ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ወንዶቹን ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ግን አንዴ ከተጣሉ ወዲያ ለማስታረቅ የሚያስቸግሩት ሴቶቹ እንደሆኑ ደጋግመው ያያሉ። ጠብ አንሺው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ወይም በቅርብ የመጣው ነው። ሁለት ወንድ ካላችሁ የመከነች ሴት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ካላችሁ የተኮላሸ ወንድ ማሰብ ይሻላል።

«የመከነች» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ያልመከነች ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ድራት ላይ ትሆናለች፤ በእያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። የመጀመሪያው ከስድስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፤ ትልልቅ ዝርያዎች ይዘገያሉ። በዚያ ጊዜ ግቢ ውስጥ ያሉት ወንዶች ለዓመታት ተስማምተው ቢኖሩም ይናከሳሉ፤ የሰፈሩ ወንድ ውሻም በራችሁ ላይ ያድራል። እናትና ልጅ ነው፣ እህትና ወንድም ነው ብሎ የሚተው ውሻ የለም። ከተጠቁ በኋላ በ63 ቀን አካባቢ ስድስት ሰባት ቡችላ ይኖራችኋል፤ ያን ጊዜ የሦስተኛው ውሻ ጥያቄ የአሥረኛ ሆነ ማለት ነው። ማምከን የማይቻልበት ቦታ ያላችሁ ከሆነ ሴትና ወንድ አታቀላቅሉ፤ ያላችሁትም በዚሁ ይበቃችኋል። ወንድ ሲኮላሽ ደግሞ በማግስቱ መካን አይሆንም። ከአንድ ወር በላይ ማስረገዝ ስለሚችል ለስድስት ሳምንት ያህል ከሴቷ ለዩት። ኩልሸታ ለሴት የሚደረገውን ጠብና ከግቢ መጥፋትን ይቀንሳል፤ ልማድ የሆነ ጠብን ግን አያጠፋም።

ዕድሜም ይታያል። ያሉት ሁለቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላቸው፣ ጠባያቸው የታወቀ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ስምንት ዓመት ያለፈው፣ ሲነሳ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ውሻ ካለ፣ ጆሮውን የሚጎትት ቡችላ ማምጣት ግፍ ነው። «ሥራውን ያስተምርልኛል» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው አስተማሪው ገና ጉልበት ሳለው ነው። ሦስቱ በሦስት በሦስት ዓመት ቢበላለጡ አንድ ጥቅም አለው፤ ሦስቱም በአንድ ዓመት አርጅተው የሕክምና ወጪው በአንድ ጊዜ አይወርድባችሁም።

ወንድማማች ሁለት ቡችላ በአንድ ጊዜ መውሰድም ሆነ አምስት ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ውሻን 35 ኪሎ ከሚመዝኑ ሁለት ውሾች ጋር ማድረግ አይመከርም። የመጀመሪያዎቹ ከሰው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ሲጎለምሱ ይጣላሉ። ሁለተኛዋ ደግሞ ጠብ እንኳ ሳይኖር በጨዋታ ልትሞት ትችላለች።

ቡችላ ከሆነ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ብዙዎቹ አራት አምስት ሳምንት ብቻ ያላቸው ናቸው። የንክሻን ልክ የሚያስተምሩት እናቱና እህት ወንድሞቹ ናቸው፤ ያልተማረው ቡችላ ጨዋታውና ንክሻው አይለይም፤ ትልልቆቹ ውሾችም በኃይል ይቀጡታል። ትልልቆቹ ለቡችላ የሚሰጡት ትዕግሥት ደግሞ ጊዜ አለው። አራትና አምስት ወር ሲሆነው ይቀንሳል፤ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጠባዩ ሲጠነክር፣ እውነተኛው ፈተና ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ተስማሙ ብሎ መመስከር ችኮላ ነው። አዋቂ ውሻም ቢሆን የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ሳምንት እንደ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ጠባዩ የሚወጣው በኋላ ነው።

ምግብ፣ ውሃና ቦታ በልክ

25 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን 1,200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ይህ በፋብሪካ ደረቅ ምግብ 350 ግራም አካባቢ ነው፤ በወር አሥር ኪሎ ተኩል። በቤት የሚበስል ከሆነ ሳይበስል የተመዘነ 200 ግራም ሩዝና ሩብ ኪሎ ቅባት ያልበዛበት ሥጋ ወደዚያው ይጠጋል፤ ካልሲየም ስለሚጎድለው ግን ምን እንደሚጨመርበት ሐኪም ይንገራችሁ፣ በተለይ ለሚያድግ ቡችላ። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አንጽፍም፤ ዛሬ በምትገዙበት ዋጋ አባዙና በሦስት ምቱት። ወጪው ከተጠናቀቀ በኋላ ለአንድ ድንገተኛ ሕመም የሚሆን ገንዘብ ይተርፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፓርቮ የሚባለው፣ ደም ተቅማጥ የሚያመጣ የቫይረስ በሽታ የያዘው አንድ ቡችላ ለአምስት ለሰባት ቀን በየቀኑ ግሉኮስ ሊፈልግ ይችላል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ምን እንደበላ ግን ማንም አይጠይቅም። ከቤት የሚተርፈው ወጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሞላበት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይጎዳል፤ ትንሽ በትንሽም በየቀኑ ሲሰጥ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ቶሎ የሚደክም ውሻ ካያችሁ ይህንን አስቡ። በጾም ወራት፣ በተለይ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም፣ ከቤት የሚተርፈው ሽሮና አትክልት ብቻ ይሆናል፤ ከልኳንዳ ቤት የሚመጣው ቅንጥብጣቢም ይጠፋል። ሁለት ውሻን በትርፍራፊ ያሳለፈ ቤት ሦስተኛውን በዚያው ማሳለፍ አይችልም። የጎደለው ምግብ ደግሞ የጠብ መነሻ ነው።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህም ይታሰብ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ25 ኪሎ ውሻ አንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል። ሦስቱ ለመጠጥ ብቻ አራት ሊትር ገደማ ይጨርሳሉ። ማጠቢያውን አልቆጠርንም። የውሃ ሳህኑ ከውሾቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ ለሦስት ውሻ አራት ሳህን፣ በተለያየ ጥግ። ለጥላና ለመኝታም እንዲሁ። አንድ የውሻ ቤት ሠርቶ ለሦስት መተው ክረምት ሲገባ ማን ዝናብ ይምታው የሚለውን ለጥርስ መተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ግቢው ለሁለት ይከፈላል ወይ? የሰርቪስ ቤቱ ጓሮ በር ያለው ነው? በቆርቆሮ ወይም በሽቦ መከለል ይቻላል? ሽቦ ከሆነ አንድ ብቻ አይሁን፤ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫና ጣት ይነከሳል። ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ክፍተት የተተወበት ሁለት ሽቦ ወይም ማየት የማያስችል ቆርቆሮ ይሻላል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከ80 አይነስ፤ ከሥር በኩል እንዳይቆፍሩ ድንጋይ ይቀበር። ይህ ክፍል አዲሱ ውሻ ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ያስፈልጋል፣ ከተጣሉ ደግሞ ለወራት። መከለል የማይቻል ከሆነ፣ «አስረን እንይዛቸዋለን» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ አታምጡ። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ቀድሞ መንከስን ይመርጣል፤ ያልታሰረው ደግሞ ይህን ቶሎ ያውቀዋል። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱን የታገሠ አከራይ ሦስተኛውን አይቶ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

በሽታው ከውሻው ቀድሞ እንዳይገባ

አዲሱ ውሻ ከመምጣቱ ቢያንስ አራት ሳምንት በፊት ያሉት ሁለቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው የታደሰ መሆን አለበት። ለምን አራት ሳምንት? ክትባቱ መከላከያ ለመገንባት ያን ያህል ጊዜ ስለሚፈልግ። ውሻ ውስጥ በሽታው ምልክት ሳያሳይ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከመንገድ የተነሳ ጤነኛ የሚመስል ውሻ በመጣ ማግስት ብታስከትቡትም ክትባቱ ቀድሞ የገባውን አያወጣም። ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመንገድ የተነሳ ውሻ ለወራት በዓይን ይጠበቅ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተቀየረ ውሻ በእጅ አይነካ። የተነከሰ ወይም ቁስሉን ውሻው የላሰው ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያጥብና በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለዚህ የሚታወቅ ነው። የነከሰውን ውሻ አትግደሉት፤ ተከልሎ አሥር ቀን ይታይ። ያ መረጃ ለተነከሰው ሰው ሕክምና ይጠቅማል።

የቡችላ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ይጀምራል። የፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የቫይረስ በሽታ ክትባት በየሦስት በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል፤ የእብድ ውሻ በሽታው በ12 ሳምንት አካባቢ ይሰጥና ከዓመት በኋላ ይደገማል። የሚደጋገመው ምክንያት አለው። ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች ሊያከሽፍ ይችላል፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። «አንዴ ተከትቧል» የተባለ ቡችላ ስለዚህ አልተከተበም ብላችሁ ያዙት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ከኪስ ወይም ከቦርሳ የሚወጣ ብልቃጥ ከሆነ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። ከፍሪጅ ወይም በረዶ ካለበት ሳጥን ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ።

ባለፈው አንድ ዓመት ግቢያችሁ ውስጥ ቡችላ በደም ተቅማጥ ሞቶ ከሆነ፣ ፓርቮ ሊሆን ይችላል፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶና ሳህን ከታጠበ በኋላ በአንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ አሥር ደቂቃ ቢረጥብ ይጸዳል፤ አፈርና ሳር ግን በበረኪና አይጸዳም። እንዲህ ያለ ግቢ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይገባበትም፤ ክትባቱን የጨረሰ አዋቂ ውሻ ይሻላል።

እንግዳው ለ14 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ጨርቅ ይኑረው። መጀመሪያ ነባሮቹን አብሉ፣ እሱን መጨረሻ፤ ከዚያ እጅ መታጠብና ጫማ መቀየር። በነዚህ ቀናት የትል መድኃኒቱን፣ የቁንጫና የመዥገሩን ጨርሱ።

ማስተዋወቅ

አንድ ችግር በብዙ ግቢ አለ። ውሾቻችን በገመድ ሄደው አያውቁም፤ አንዳንዱ ከተወለደ ጀምሮ ከበሩ አልወጣም። እንዲህ ያለውን ውሻ በአንድ ቀን ገመድ አስሮ ወደ እንግዳ መጎተት ጠብ መጥራት ነው። አዲሱ በተከለለበት ሁለት ሳምንት ነባሮቹን በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ በገመድ አለማምዱ። የአንገት ቀበቶው ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ። በዚያው ጊዜ ጨርቃቸውን አለዋውጡ፤ አዲሱ የተኛበትን ነባሮቹ ያነፍንፉ፣ የእነሱን እሱ።

ስብሰባው ከግቢ ውጭ ይሁን፣ ጸጥ ያለ ሰፊ ሜዳ ላይ። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ሰው። መጀመሪያ ከነባሮቹ ረጋ ያለው ብቻ ይምጣ፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አታገናኙ። ከአሥር ሜትር ርቀት ጀምራችሁ ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ተራመዱ፤ ፊት ለፊት አታፋጥጧቸው። ገመዱ ላላ እንዳለ ርቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ሜትር አምጡ። ከዚያ ሦስት ሰከንድ እንዲያነፋነፉ ፍቀዱና በስሙ ጠርታችሁ ራቁ፤ እንደገና ድገሙ። ጭራውን ዝቅ አድርጎ በሰፊው የሚቆላ፣ ሰውነቱ የሚጠማዘዝ ውሻ ደህና ነው። ጭራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ደርቆ የሚያይ፣ የጀርባው ፀጉር የተነሳ ከሆነ ርቀቱን ጨምሩ። ጭራ መቁላት ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም፤ ደርቆ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጭራ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህንን ለሦስት አራት ቀን፣ ካስፈለገም ለሁለት ሳምንት ድገሙት፤ ከዚያ በሁለተኛው ውሻ።

ወደ ግቢ ሲገባ ነባሮቹ ውጭ እያሉ እንግዳው ቀድሞ ገብቶ ያነፍንፍ። አጥንት፣ ሳህን፣ የሚታኘክ ነገር ሁሉ ይነሳ። ከዚያ ከሜዳ እንደተመለሳችሁ አብራችሁ ግቡ። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ለአንድ ወር ያህል ሰው በሌለበት አብረው አይተዉ፤ ሌሊትም ቢሆን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። ቀን በጥንቃቄ የተያዘው ነገር ማታ ዘበኛው እንደ ልማዱ ሁሉንም ሲፈታ ይፈርሳል። ዘበኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁልፉን ይያዝ፣ ምልክቱንም ይወቅ፤ በቃል ማዘዝ ብቻ አይበቃም።

ምግብ ለዘለዓለም በተለያየ ቦታ ይሰጥ። ሳህኑ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይነሳ።

በዓል

አዲስ ውሻ በበዓል ሰሞን አታምጡ። እንግዳ ይበዛል፣ በር ይከፈታል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል። ለሁለት ወር ያህል ሽሮ ሲቀምስ የኖረ ውሻ በፋሲካ ጧት አጥንት ሲጣልለት ሁለት ነገር ይሆናል፤ ሆዱ ይበላሻል፣ ጓደኛውንም ይነክሳል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ሌላው የሚረሳው ሳንባና ጉበት ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት የበግ ሳንባ ወይም ጉበት ለውሻ ሲጣል ትንሹ የኮሶ ዘር ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል። ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ እየወጣ ፀጉሩ ላይ፣ ከዚያም ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል። ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ የሚቋጥረው ከረጢት በቀዶ ሕክምና ካልሆነ ላይወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን አካል አቃጥሉ ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩ። ጥሬ ሥጋ የሚያገኙ ውሾች በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ ልኩም ለአንድ ኪሎ ክብደት አምስት ሚሊ ግራም ነው። በየስድስት ሳምንቱ የሦስት ውሻ ኪኒን ማለት ነው። ይህም በወጪው ሒሳብ ይግባ።

ከተናከሱ

እጃችሁን አታስገቡ። የአንገቱን ቀበቶ መያዝ ብዙ ሰው የሚነከስበት ነው። ባልዲ ውሃ ፊታቸው ላይ መድፋት፣ ከሮቶው ጎማ ውሃ መልቀቅ፣ በመካከላቸው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ማስገባት ይሞከር። ካልሆነ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የኋላ እግራቸውን ከጭኑ ከፍ አድርጎ ይያዝና ወደ ኋላ እየሳበ ያለያይ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይበላዋል፤ ለዚህ ነው ውሃው የሚቀድመው። ከተለያዩ በኋላ ወዲያው በሁለት በር ይዘጉ። በዱላ አትቅጡ፤ ሕመሙን ከጓደኛው መምጣት ጋር ያያይዘዋል።

ቁስሉን ፈልጉ። የውሻ ንክሻ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ ከሥር ግን ቆዳው ከሥጋው ተለይቶ ኪስ ይሠራል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያብጣል፣ ይመግላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። «ይፋለጡና ይለይላቸው» የሚል ምክር በየሰፈሩ አለ። አይለይላቸውም፤ በተለይ ሁለት ሴቶች ከሆኑ በተገናኙ ቁጥር ይብሳል። ሦስት አራት ቀን ለዩ፤ ከዚያ ከገመድ መንገዱ እንደ አዲስ ጀምሩ። ከሁለተኛው ደም ያፈሰሰ ጠብ በኋላ ግን አብሮ ማኖሩን እንርሳው ማለት ያስፈልጋል፤ ወይ ዘላቂ መለየት፣ ወይ ሌላ ቤት።

ስለ ሌላው ቤት መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ። ቡችላውን የሰጣችሁ ሰው ባይስማሙ ይመልሰዋል? አሁን ጠይቁት፤ ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተስማሙ፣ የክትባት ካርዱንም ቅጂ ሁለታችሁም ያዙ። የሚመልሰው ካልሆነ፣ ሌላ ውሻ የሌለው ዘመድ ወይም ጎረቤት በስም መታወቅ አለበት። ቀለበት መንገድ ዳር በመኪና ወስዶ መጣል እንደ አማራጭ የሚቆጠርበት ቤት ካለ፣ ቡችላው ከካርቶኑ ሳይነሳ እዚያው ቢቀር ይሻለዋል።